አድራሻዬ ለጠፋባቸው የመንገድ ማዶ ጎረቤቴ

ለክቡር የብድርና ቁጠባ ተቋሙ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ከመንገዱ ማዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የአበባ ማሰሮ ያለበት መስኮት

ጉዳዩ፦ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ስለተወሰደችልኝ የልብስ ስፌት መኪና ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በመስኮትዎ ላይ ያስቀመጧት አበባም ጭምር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የአበባዋን ደኅንነት እንኳ ተስፋ ማድረግ አያስፈልገኝም፤ ትናንት ጸሐፊዎ ውኃ ስታጠጣት እዚህ ተቀምጬ አይቻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አብረውኝ የሚኖሩት አማቴም ከጉልበታቸው በቀር ደኅና ናቸው። ከቤታችን የጎደለችው የልብስ ስፌት መኪናዬ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን በእርስዎ ዕቃ ማከማቻ ክፍል ውስጥ ታሽጋ፣ ከፀሐይም ከአቧራም ተጠብቃ፣ ከእኔ ይልቅ ተመችቷት እንደምትኖር አልጠራጠርም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ተቋምዎ በመጪው ቅዳሜ በሚያከብረው የምሥረታ በዓል ላይ፣ የተበተነ ብድር በማስመለስ ከሥራ አስኪያጆች ሁሉ የላቁ ተብለው እንደሚሸለሙ ከበርዎ ላይ ከተሰቀለው ጨርቅ አንብቤ እጅግ ደስ ብሎኛል። ከተመለሱት ነገሮች አንዷ የእኔ መኪና በመሆኗ፣ ሽልማቱ ውስጥ በጥቂቱም ቢሆን የእኔ እጅ እንዳለበት ይሰማኛል። እንኳን ደስ ያለዎት።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ፣ አንዱን ቅጂ በሱቄ መስታወት ላይ፣ ሌላውን በፍርድ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ እርስዎን ለማሳጣት ብዬ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። እርስዎ ለእኔ የሚነገረውን ነገር በዚያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፉልኝ፣ በተቋምዎ ዘንድ ጎረቤት ከጎረቤት የሚነጋገረው እንዲህ ነው ብዬ ሥርዓቱን መከተሌ ነው። እንግዳ በደረሰበት አገር ሥርዓት ይኖራል እንጂ ምን ያደርጋል።

ምናልባት ማን እንደሆንኩ ግር ቢልዎት፣ በመሐላ የተረጋገጠው ወረቀትዎ እንደማያውቁኝ ስለሚናገር፣ ራሴን ላስተዋውቅ። ከመስኮትዎ ፊት ለፊት ያለው አረንጓዴ በር የኔ ነው። ከበሩ በላይ መቀስና ክር የተሳለበት ሰሌዳ አለ፤ የሳለው ሟቹ ባለቤቴ ነው፣ መቀሱ ጉጠት ይመስላል፣ እሱን አውቃለሁ። እሱ ካረፈ ወዲህ እኔና እናቱ ሁለታችን የምንበላው፣ የምንታከመውም፣ የቤት ኪራይ የምንከፍለውም ከአንዲት መርፌ ሥር በሚወጣ ገንዘብ ነው። መርፌዋ ደግሞ የምትገኘው አሁን እርስዎ ጋ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ ከመጀመሪያው ልጀምር።

አንደኛ፤ ስለ ደረጃዎ አመሰግናለሁ። ተቋምዎ ሁለት ፎቅ መሆኑን ያወቅሁት በጉልበቴ ነው። በታችኛው ፎቅ ብድር ክፍል አለ፤ መኪናዋን እንድገዛ ገንዘብ ያበደረኝ፣ መኪናዋንም በመያዣነት የመዘገበው እሱ ነው። በላይኛው ፎቅ፣ ከእርስዎ ቢሮ ጎን፣ የግዢ ክፍል አለ፤ የሁሉንም ቅርንጫፎች ጥበቃዎች የደንብ ልብስ ስፊ ብሎ ያዘዘኝ ደግሞ እሱ ነው። ለታችኛው ፎቅ በየወሩ ሳላዛንፍ ስከፍል ቆይቼ፣ የላይኛው ፎቅ ትእዛዝ ሲመጣ፣ ጨርቁንም፣ ቁልፉንም፣ ክሩንም በራሴ ገንዘብ ገዝቼ፣ አማቴ ቁልፍ እየተከሉ እኔ እየሰፋሁ፣ በቀኑ አስረከብኩ። ልብሱ ተለበሰ፣ ታጠበ፣ የአንዳንዱም ክርኑ ሳሳ። ክፍያው ግን እስከ ዛሬ «በሂደት ላይ» ነው። በሂደት ላይ ያለ ገንዘብ ደግሞ ሂደት ላይ ስላለ እጅ ላይ አይገኝም፤ እኔም የወር ክፍያዬን ያቋረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያን ጊዜ እንደ ሞኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ወደ ታችኛው ፎቅ ሄጄ፣ ከላይ ከምትከፍሉኝ ላይ የታቹን ቀንሳችሁ የተረፈውን ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። የብድር ክፍሉ ኃላፊ ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀምጦኝ «እትዬ፣ እሱ እኮ ሌላ ክፍል ነው፤ እኛ ከነሱ ጋር አንገናኝም» አለኝ። ወደ ላይ ወጣሁ። የላይኛዋም ወይዘሮ በበኩሏ ብድር የሚባል ነገር እሷን እንደማይመለከታት፣ ይህን ጉዳይ ታች እንድጠይቅ በትሕትና ነገረችኝ። ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ደግሜ ወረድኩ። የማይገናኙት ሁለቱ ክፍሎች ከአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ሲቀዱ በዓይኔ ስላየሁ፣ መቼም ሻይ ሲቀዱ ስለኔ አንድ ቃል ይነጋገራሉ ብዬ ብዙ ጠበቅሁ። የነገሩ መጨረሻ ላይኛው ፎቅ ሳይከፍል ታችኛው ፎቅ ከሰሰኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ዳዋዋ እኔ መሆኔን ግን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ በክስዎ ውስጥ ስለ እኔ ስላሳዩት ጥሩ ግምት አመሰግናለሁ። የክሱን ግልባጭ ከትዕዛዙ ጋር ሲሰጡኝ አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡልኝ። በዕድሜዬ ፍርድ ቤት ደጅ ቆሜ የማላውቅ ሰው፣ አበዳሪ ዕቃ ለማስመለስ ምን እንደሚያደርግ አንድ ጊዜ ቁጭ ባልኩበት ተማርኩ። አበዳሪው፣ ዕቃው መያዣዬ ነው፣ ተበዳሪዋ ያለ አግባብ ይዛብኛለች፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ብጠብቅ ትሰውርብኛለች ብሎ በቃለ መሐላ ያረጋግጣል። ዳኛውም ምን ያድርጉ፣ የቀረበላቸው ወረቀት የማለ ወረቀት ነውና፣ ተከሳሿ ሳትሰማ ዕቃው አስቀድሞ ተወስዶ እስከ ቀጠሮው ቀን ታሽጎ ይቆይ ብለው ያዝዛሉ። ለጊዜው ነው ይባላል። የሚወሰደው ግን ለእውነት ነው።

ወረቀቱ እንደሚለው እኔ መኪናዋን «ልሰውር፣ ላሸሽ ወይም ጉዳት ላደርስባት» እችላለሁ። ክቡርነትዎ፣ ይህች መኪና በብረት ጠረጴዛ ላይ በብሎን የታሰረች ናት። ቤት ለማጽዳት ገፋ ልናደርጋት ስንፈልግ እንኳ የሥጋ ቤቱን ሰውዬና ወንድሙን ጠርተን ነው። አማቴ እዚያ መስመር ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁና፣ እኔ ይህን ሁሉ ብረት በጀርባዬ አዝዬ ስሸሽ በሐሳባቸው አይተው ሳቅ አፈናቸው፤ «ስትሸሺ እኔንም ከላዩ ላይ ጣል አድርጊኝ፣ ጉልበቴ አያስኬደኝም» አሉ። ጉዳት ስለማድረሱም፣ በየሳምንቱ ዘይት የማጠጣት፣ ማታ ማታ እኔ ሳልለብስ እሷን የማለብስ ሰው ነኝ። ይህን ያህል ጉልበትና ክፋት አለሽ ብሎ የገመተኝ ከእርስዎ ተቋም በፊት ማንም አልነበረም፤ እናም ክብር ይሰማኛል።

ሦስተኛ፤ ስለ አድራሻዬ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቃል ያጥረዋል። ወረቀትዎ «የተከሳሽ አድራሻ በብርቱ ፍለጋ ሊገኝ ባለመቻሉ» መጥሪያው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ ይላል። ያንን ብርቱ ፍለጋ ማን እንዳካሄደው ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ደክሞት ከሆነ ወንበር አለኝ። ጥበቃዎችዎ ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉት ከኔ በር ጥላ ሥር ነው። ጸሐፊዎ መቀስ የምትዋሰው ከኔ ነው፤ የመጨረሻውን ገና አልመለሰችም፣ ግን አልከሰስኳትም። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ያገኘኛል፣ ለማኙ ያገኘኛል፣ ሰባኪው ያገኘኛል፣ ዕዳ ያለባቸው ደንበኞቼ እንኳ በሌላ መንገድ ዞረው የሚያልፉት የት እንዳለሁ አጥርተው ስለሚያውቁ ነው። እርስዎ ሲያዛጉ እኔ አያለሁ፤ እኔ መርፌ ሲወጋኝ እርስዎ ያያሉ፤ አንድ ቀንማ ጣቴን ስጠባ አይተው በመስኮት አይዞሽ በሚል እጅዎን አውለብልበውልኛል። ያን ዕለት ያጽናኑት ሰው አድራሻው የማይታወቅ ነበር ማለት ነው።

የተቋምዎ መሪ ቃል «ከጎንዎ ነን» የሚል ነው። ከጎኔ አለመሆናችሁን ማንም አልተናገረም፤ እኔ ከጎናችሁ መሆኔን ብቻ ነው የካዳችሁት። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ እንደሚሉት ነው፤ ግመሉ እንኳ በዚህ መንገድ ላይ ቢቆም ከኔ የበለጠ አይታይም።

መጥሪያው ከጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያና ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና የሐራጅ ማስታወቂያ መካከል ተለጥፎ ሰነበተ። እኔ ቀኑን ስሰፋ የምውል ሰው ነኝ፣ ሰሌዳ ስጎበኝ አልውልም። ማክሰኞ ትዕዛዙን ይዘው የመጡት የፍርድ ቤት ሰው ባይነግሩኝ ኖሮ፣ የሰኞው ቀጠሮ በሌለሁበት ያልፍ ነበር፤ መኪናዋም በዚያው ወደ ሐራጅ፣ እኔና አማቴም ወደምንሄድበት እንሄድ ነበር።

አራተኛውን ለጊዜው ልዝለለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና በቦታው ይመጣል።

አምስተኛ፤ ስለ ማክሰኞ ጠዋቱ አመሰግናለሁ። እርስዎ በዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ስለነበሩና እስከ ነገ አርብ ስለማይመለሱ ትዕይንቱ አምልጦዎታል፤ ስለዚህ በዝርዝር ብተርክልዎ ቅር አይበልዎት። የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛው ቀጭን፣ ጃንጥላ የያዙ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው፤ አማቴ ወዲያው «ማኅተሙ» ብለው ስም አወጡላቸው። ከኋላቸው ለሸክም ከእርስዎ ጥበቃዎች ሁለቱ ተከትለዋል። ሁለቱም የለበሱት ያንኑ እኔ የሰፋሁትን፣ ክፍያው በሂደት ላይ ያለውን የደንብ ልብስ ነበር። በዚያች መኪና የተሰፋ ልብስ ለብሰው ያችኑ መኪና ሊወስዱ መጡ ማለት ነው። ልብሱ እንዴት እንዳማረባቸው አልደብቅዎትም።

በዚያች ሰዓት በመኪናዋ ላይ የአንድ ደንበኛዬ ሱሪ ነበር። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ የደንበኛን ወገብ ምስጢር መጠበቅ በሙያችን እንደ ሐኪም ነው። ለክብር ቀን የሚለበስ፣ ጥቁር፣ ጨርቁ ጥሩ፣ ወገቡ ግን ከባለቤቱ ጋር መስማማት ያቆመ ሱሪ ነው። ዕለት ዕለት እንደ ወለድ የሚጨምር ወገብ ስላላቸው በየጊዜው አስፊልኝ ይላሉ፤ ይኸኛውም አርብ እንዲደርስ አደራ የተባልኩበት ነበር። የግራውን ጎን አስፍቼ ቀኙን ጀምሬ፣ መርፌዋ ጨርቁ ውስጥ እንደገባች፣ ባለ ጃንጥላው ቆመው ማንበብ ጀመሩ።

አንብበው ሲጨርሱ፣ እሺ ውሰዷት፣ ብቻ ይህችን ስፌት ልጨርስና ሱሪዋን ላውጣ አልኳቸው። አልሆነም። አሠራራቸው፣ ትዕዛዙ ከተነበበ በኋላ ንብረቱ በተገኘበት ሁኔታ ይታሸጋል፤ መርፌ አይነሣም፣ ክር አይበጠስም፣ ላዩ ላይ ያለ ነገር አይነካም። «እህቴ፣ እኔ ጠልቼሽ አይደለም። አንድ ጊዜ የዳቦ መጋገሪያ ሳሽግ ባለቤቱ ዳቦውን ላውጣ አለኝ፣ አዘንኩለትና እሺ አልኩት፤ በኋላ ከውስጡ ዕቃ ጎድሏል ተብዬ ስንት ወር ተንከራተትኩ። ከዚያ ወዲህ ዳቦም ቢሆን ከነትኩሳቱ ነው የማሽገው» አሉኝ። ሱሪ ባንገት ይውለቅ ሲባል የሰማሁትን፣ ሱሪ ከነመርፌው ይታሸግ ሲባል በዓይኔ አየሁት። ረጃጅም ወረቀት በሙጫ እየለጠፉ፣ መርፌዋንም፣ መሳቢያዋንም፣ ሱሪውንም ጠቅልለው በየመጋጠሚያው ማኅተም አሳረፉ። አንደኛው የሱሪ እግር ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ቢቀር፣ እሱንም ሳያልፉት አንድ ማኅተም አደረጉለት።

አማቴ እንግዳ ነውና ወንበር ስበው አስቀምጠዋቸው ነበር። ሥራቸውን ጨርሰው ሲነሡ ወንበሩን አየት አድርገው፣ ይህችስ የመኪናዋ ናት ወይ ብለው ጠየቁ። አማቴ ቶሎ ብለው ተቀመጡበትና «የኔ ናት፤ ከፈለግህ ከነላይዋ አሽጋት» አሏቸው። ባለ ጃንጥላው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉው ወረቀቱ ነበር።

ከዚያ ተሸከሟት። ገና ብድግ ሲያደርጓት የአንደኛው ጥበቃ የደረት ቁልፍ ተፈናጥሮ መሬት ላይ ወደቀ። የሰፋሁት ልብስ ቁልፉ ሲወድቅ ነውሩ የኔ ነውና፣ መኪናዋን አስቀምጣት ብዬው፣ እዚያው እንደቆመ በእጄ ተከልኩለት። ደረቱ ሥር ጎንበስ ብዬ ክሩን በጥርሴ ስበጥስ «እትዬ፣ እባክዎ አይዘኑብኝ፣ ታዝዤ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። አላዘንኩበትም። ስለ ቁልፉም ሒሳብ አልልክልዎትም፤ ሒሳቡ ሂደት ላይ እንዳይቀር ሰግቼ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዴን ጥቂት ላቁም፣ ክቡርነትዎ። መኪናዬን ተሸክመው መንገዱን ሲያቋርጡ መንደሩ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። የሥጋ ቤቱ ሰውዬ፣ የፎቶ ቤቷ ልጅ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች፣ አብዛኞቹ እኔ የሰፋሁትን የለበሱ ነበሩ። ሊያዩኝ ስላፈሩ ጫማቸውን ያዩ ነበር። እኔ ሌባ አይደለሁም። የሰው ገንዘብ ይዤ የቀረሁበት ቀን የለም። ያን ዕለት ግን ሌባ መሰልኩ፤ ሌባም ሆኜ ተሰማኝ። አላለቅስም ብዬ ነበር፤ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። አማቴ አጠገቤ ተቀመጡና፣ ልጃቸው በሞተ ጊዜ እንኳ እንዲህ አድርገው ያልያዙኝን አያያዝ ያዙኝ።

ይኸው ከማክሰኞ ጀምሮ በእጄ እየሰፋሁ ነው። የተማሪዎች ልብስ በእጅ ሲሰፋ ምን ያህል እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌባ ጣቴ ተልጧል፣ አውራ ጣቴ አብጧል፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ በመስኮት አይዞሽ የሚለኝም የለም።

የምለምንዎት ብዙ አይደለም። ሰኞ ችሎት ስንቀርብ፣ አድራሻዬ በብርቱ ፍለጋ አልተገኘም የተባለው ሐሰት መሆኑን በራስዎ አንደበት ለዳኛው ይንገሩልኝ። የላይኛው ፎቅ ለደንብ ልብሱ የሚከፍለኝን ይክፈለኝ፤ ከዚያ ላይ የታችኛው ፎቅ ድርሻውን ይውሰድ፤ ደረጃዋን እኔ ወጥቼ እወርድላችኋለሁ፣ ለምጃታለሁ። መኪናዬም ወደ ቦታዋ ትመለስ። ጠበቃ የለኝም፣ ጠበቃ የማቆምበትም የለኝም፤ ጨዋነትዎን ተማምኜ ነው። ጨዋነትዎ ድንገት በዚያን ዕለት ሌላ ጉዳይ ቢያጋጥመው ደግሞ፣ መተማመኛ የሚሆነኝ ትንሽ ነገር ስላለኝ ብዙም አልሰጋም።

በመጨረሻም፣ በሥራ ብዛት ረስቼው የነበረውን የእጅ ስፌት ስላስታወሱኝ፣ ጎረቤቶቼ ምን ያህል እንደሚወዱኝ እንዳውቅ ስላደረጉኝ፣ ለአማቴም በዚህ ዕድሜያቸው የሕግ ትምህርት ስላስተማሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ወንበርዎን ያጽናው፣ መስኮትዎን ብርሃን አያሳጣው።

ከማይጓደል አክብሮትና ከተላጠ ጣት ጋር፣
አድራሻዋ ያልታወቀው ልብስ ሰፊ
አረንጓዴው በር፣ ጉጠት የሚመስል መቀስ ከተሳለበት ሰሌዳ ሥር፣ ከመስኮትዎ ፊት ለፊት

ግልባጭ፦
ለታችኛው ፎቅ
ለላይኛው ፎቅ (ሁለቱ ስለማይገናኙ ለየብቻ ተልኮላቸዋል)
ቁልፋቸው ለወደቀው የጥበቃ ሠራተኛ
ለአማቴ፣ ወንበራቸው ላይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አራተኛውን ረሳችው እንዳይሉኝ።

አድራሻዬ አልተገኘም ከሚለው ቃለ መሐላ ግርጌ ያለውን ፊርማ አማቴ ሲያነቡት የእርስዎ ሆኖ ተገኘ፤ ቀኑም ያለፈው ሳምንት ሰኞ ነው። በዚያው ሰኞ ለምሳ ሲወጡ መንገዱን ተሻግረው፣ በአረንጓዴው በር ገብተው፣ ከመስታወቴ ፊት ሁለት እጅዎን ወደ ላይ አንሥተው ቆመው፣ እኔ ሜትሩን በወገብዎ ዙሪያ ሳዞር «ትንሽ ብቻ ሰፋ አድርጊልኝ፣ ቅዳሜ መድረክ ላይ እወጣለሁ» ያሉኝን ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ። ያን ጊዜ እርስዎ ስለ ክሱ ትንፍሽ አላሉም። ስለ አየሩ አወራን። ጠዋት በምን እጅዎ እንደፈረሙ ሳላውቅ ሁለቱንም እጆችዎን ወደ ላይ አስነሣሁዎት።

ሱሪዎ ደኅና ነው። ከቢሮዎ ሥር ባለው ዕቃ ማከማቻ ክፍል፣ ከመኪናዬ መርፌ ሥር፣ ግራው ሰፍቶ ቀኙ እንደጠበበ፣ የደንበኛ ልብስ እንዳይለዋወጥብኝ እንደማደርገው በወገቡ ውስጥ በጠመኔ ሙሉ ስምዎ ተጽፎበት፣ በፍርድ ቤት ማኅተም ታሽጎ ተቀምጧል። ማኅተሙን ማስፈታት የሚችሉት ዳኛው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሚያስፈቱት ሰኞ፣ በችሎት፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ብድር በምድር ማለት ይኸው ነው መሰለኝ። ከቅዳሜ በፊት ሱሪውን ካስፈለገዎ ግን መንገድ አለው፤ ባለ ጃንጥላውን ጠይቄልዎ ነበር። የኔ ንብረት ታሽጎብኛል ብለው በሦስተኛ ወገንነት ለፍርድ ቤቱ በመሐላ ማመልከት ይችላሉ፤ ብቻ በማመልከቻው ላይ ሱሪው በታሸገ ጊዜ በማን ቤት እንደነበረ፣ ከነሙሉ አድራሻው መጻፍ ግዴታ ነው ብለውኛል።

አድራሻው ከጠፋብዎ በመስኮትዎ ብቅ ይበሉ፤ ጮክ ብዬ እነግርዎታለሁ።